እማዬን ቤት ለማስታመም የተከራየነው፣ የገዛነውና የቀጠርነው ሁሉ ሲመዘን (ሀዋሳ)

ፍርዴን ከላይ ልናገርና የቸኮለ ይሂድ። ጭንቅላቱ የተጎዳ ወላጅ ከሆስፒታል ሊወጣላችሁ ከሆነ፣ አልጋና ፍራሽና ዊልቸር ለማዘዝ ስልክ ከማንሳታችሁ በፊት ለአንድ ፊዚዮቴራፒስት (የደከመ አካልን በእንቅስቃሴ ለሚያሠራ ባለሙያ) የአንድ ጉብኝት ሂሳብ ክፈሉና ቤታችሁን መጥቶ ይይላችሁ። በሩን ይለካ። መጸዳጃ ቤቱን ይይ። ሳሎን ውስጥ የቱ ምንጣፍ እግር እንደሚጠልፍ ይይ። ከዚያ እሱ ያለውን ብቻ ግዙ ወይም ተከራዩ። እኛ ቤት ብር የበላው ሌላ ነው፤ እማዬን ከአልጋ ያነሳት ሌላ ነው።

የምጽፈው ሀዋሳ ላይ ስለተጠቀምንባቸው ነገሮች ነው፦ የኪራይ አልጋ፣ የአየር ፍራሽ፣ ዊልቸር፣ የመጸዳጃ ወንበር፣ የቤት ለቤት ፊዚዮቴራፒ፣ በኤጀንሲ የመጣች አስታማሚ፣ እና ቡላ። አዎ፣ ቡላ። የማንንም ስም አልጠራም፤ ያማረርኩበትንም ያመሰገንኩትንም። ዋጋም አልጽፍም፤ ዛሬ ብጽፈው እናንተ እስክታነቡት ተረት ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬን አስፋልት ስትሻገር ባጃጅ ገጫት። ወድቃ ራሷን በቀኝ በኩል ተመታች። ደም እንኳ ብዙም አልፈሰሳትም፤ ተነስታ «ደህና ነኝ ልጆች፣ ልጁን እንዳትነኩት» ብላለች አሉ፣ ባለባጃጁን ማለቷ ነው። ማታ ላይ አስመለሳት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ አላት፣ ስንቀሰቅሳት የምትመልሰው መልስ ወዲያና ወዲህ ሆነ። ሲቲ ስካን ስትነሳ ከራስ ቅሏ ስር ደም ተጠራቅሞ አንጎሏን ተጭኖታል። ኦፕራሲዮን ተደረገች፣ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ገባች፣ ከዚያ ዋርድ። የአንጎል ቀኝ ጎን የሚያዘው የሰውነትን ግራ ጎን ስለሆነ ግራ እጇና ግራ እግሯ ደከሙ። ትናገራለች። ታውቀናለች። ቀኑንና ሰዓቱን ግን ታምታታለች፣ ቶሎ ትቆጣለች፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ እግሯ እንደማይሸከማት አታውቅም። «ደህና ነኝ» ትልና ልትነሳ ትላለች።

ዋርድ ያስታመመ ሰው ያውቀዋል። ማገላበጡ፣ ማጠቡ፣ በአፍንጫ ቱቦ መመገቡ፣ የመድኃኒት ቤት ሩጫው የአስታማሚ ነው። ነርሶቹ ጥቂት፣ በሽተኛው ብዙ። ጂሲኤስ የሚባለውንም እዚያ ተማርን። በሽተኛው ዓይኑን እንዴት ይገልጣል፣ ምን ይናገራል፣ ሲታዘዝ ይንቀሳቀሳል ወይ ብለው የሚሰጡት ነጥብ ነው፤ ትንሹ 3፣ ሙሉው 15። ወንድሜ ጠዋት ጠዋት እንደ ኳስ ውጤት «ዛሬ ስንት ሆነች?» ብሎ ይደውል ነበር። ነጥቡ 15 ሲሞላ ቤቱ ሁሉ እልል አለ። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ 15 ማለት ነቅታለች፣ ትታዘዛለች ማለት እንጂ ድናለች ማለት አይደለም። ትዝታው፣ ትኩረቱ፣ ድካሙ፣ ጠባዩ በዚህ ነጥብ አይለካም።

አንዲት ጎበዝ ነርስ ነበረች። የአልጋውን ራስጌ በ30 ዲግሪ አካባቢ ከፍ አድርገን እንድናስተኛት፣ በየ2 ሰዓቱ እንድናገላብጣት፣ ተረከዞቿ አልጋውን እንዳይነኩ ከባቷ ስር ትራስ እንድናስገባ እጃችንን ይዛ አሳየችን። ከሆስፒታሉ ይዘን የወጣነው ትልቁ ነገር ይሄ ነው። የመውጫ ወረቀቷ ላይ ግን «ፊዚዮቴራፒ ትቀጥል» ከሚል ሌላ ምንም አልነበረም። የት? ከማን ጋር? በሳምንት ስንቴ? ዝም። ሐኪሙን ለመጠየቅ ኮሪደር ላይ ቆመን ስንጠብቅ ፈረቃው ተቀይሮ ሄዷል። እሺ፣ ወደ ዕቃዎቹ ልሂድ።

የኪራይ አልጋ

በእጅ የሚዞር መዘውር ያለው የሆስፒታል አልጋ ነው። አከራዮቹ መታወቂያ ኮፒና የመያዣ ብር ወሰዱ፣ በዚያው ቀን በፒክአፕ አምጥተው ገጠሙልን። ለዚህ ሙሉ ነጥብ። ራስጌው ከፍ ማለቱ ለምግብ ሰዓት ትልቅ እፎይታ ነበር፤ ከዚያ በፊት ትራስ በትራስ ላይ ደርድረን ስትንሸራተት እንደገና ስንጎትት ወገባችን ተቆርጦ ነበር።

ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው የግርጌው መዘውር በየጊዜው ይይዛል። ደውለን ስንነግራቸው «ዘይት ቀቡት» አሉን። ቀባነው። አሁንም ይይዛል። ሁለተኛው የባሰ ነው። አልጋው ከፍ ዝቅ አይልም፤ የሚታጠፈው ወገቡና ጉልበቱ ብቻ ነው። እማዬ ጠርዙ ላይ ስትቀመጥ እግሯ መሬት አይነካም። እግሩ መሬት ያልነካ ሰው ደግሞ ተደግፎም አይነሳም። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ለሚተኛ ሰው ጥሩ ነው፣ መቀመጥና መቆም ለጀመረ ሰው ግን እንቅፋት ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ ባየው ቀን «ይሄን ቶሎ መልሱት» አለ።

የጎን መከላከያ ብረቱንም ሰው ሁሉ ይወደዋል፣ እንዳይወድቁ ያደርጋል ብሎ። እንደ እማዬ ድክመቷን የማታውቅ ሰው ግን በላዩ ልትሻገር ትሞክራለች፤ ያን ጊዜ የምትወድቀው ከነብረቱ ከፍታ ነው። ማታ ማታ አንዳችን መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተን እሷ ጋ ማደራችን ከብረቱ የተሻለ ሠራ።

አንድ የሀዋሳ ነገር ደግሞ አለ። ለሐይቅ ቅርብ ለሆነ ሰፈር አጎበር ግድ ነው። ራስጌው ከፍ ሲል አጎበሩን ይወጥረውና ከፍራሹ ስር ይመዘዛል። ትልቁን፣ ከኮርኒስ የሚንጠለጠለውን ዓይነት አድርጉ።

የአየር ፍራሽ

ትንንሽ ኪስ ኪስ ያለው፣ በትንሽ ፓምፕ አየር እየተሞላ የሚነፋና የሚሟሽሽ ፍራሽ ነው። የኛው በየ10 ደቂቃው ገደማ ተራ ይቀይራል፤ አንዱ ረድፍ ሲነፋ ሌላው ይተነፍሳል፣ እንዲህ እያለ አንድ ቦታ ብቻ እንዳይጫን ያደርጋል። የአልጋ ቁስል በሰው ላይ አይቼ ስለማውቅ ለዚህ ዕቃ አልሰሰትኩም። የእማዬ ገላ ሳይቆስል ወጥቷል፣ ተመስገን።

ሻጩ ግን «ይሄ ካለ ማገላበጥ ቀረ» አለኝ። አልቀረም! ፍራሹ ያግዛል እንጂ አያገላብጥም። 2 ሰዓቷ እንደተጠበቀች ናት። ጠዋት ስታጥቧት ደግሞ ወገቧን ከታች፣ ዳሌዋን፣ ተረከዟን፣ ክርኗን እዩ። የቀላ ወይም የጠቆረ ቦታ ካለና በጣት ተጭናችሁት ስትለቁ ቀለሙ ካልተቀየረ፣ ቁስሉ ከስር ጀምሯል ማለት ነው።

አሁን ወደ መብራት። ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል፣ ፍራሹ ቀስ እያለ ይሟሽሻል፣ ሰውየው ደረቅ የአልጋ ብረት ላይ ይቀራል። ስለዚህ መደበኛውን የስፖንጅ ፍራሽ ከስሩ አታውጡ። የአየሩ ከላይ ይነጠፋል፣ የስፖንጁ ከስር ይቆያል። በኛ ሰፈር መብራት ሳይናገር ይሄዳል፣ ሳይናገር ይመጣል፤ ሲመጣ ፓምፑ ራሱ መነሳቱን ማየት አለባችሁ፣ የኛው አንዳንዴ ማብሪያውን ካልነካነው አይነሳም። ሌላው ሙቀቱ ነው። ላስቲክ ነውና በሀዋሳ ከሰዓት ያልባል። አንሶላው ወፍራም ጥጥ ይሁን፣ ግን ወጥራችሁ ከስር አታስገቡት፤ ከተወጠረ ኪሶቹ መነፋታቸው ትርጉም የለውም።

መከራየት ወይስ መግዛት? ይሄን ግዙት። የሌላ ሰው ሽንትና ላብ ያለፈበት ላስቲክ ላይ እናቴን ለማስተኛት አልፈቀድኩም፣ ዋጋውም ከአልጋው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ዊልቸር

ውጭ ያለችው እህታችን ላከችው፣ እግዜር ይስጣት። የሚያምር ነው። ግን መደበኛ ዊልቸር ከጎማ እስከ ጎማ 65 ሳንቲ አካባቢ ይሆናል፣ የኛ መጸዳጃ ቤት በር ደግሞ ክፈፉ ሲቀነስ ከዚያ ያንሳል። ሳሎን ድረስ እንደ ንግሥት ትመጣለች፣ መጸዳጃ ቤት በር ላይ ትቀራለች። ውጭም ቢሆን ኮብልስቶኑ ላይ የፊት ትንንሾቹ ጎማዎች ይሰካሉ። ወደ ኋላ አዘንብላችሁ በትልልቆቹ ጎማዎች ብቻ መግፋት ልመዱ፣ አለዚያ በሽተኛው በግንባሩ ይወርዳል። ለስላሳ መሬት የፈለገ ፍቅር ሐይቅ ዳር ይውሰዳት፣ በጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ።

እዚህ ላይ ስለ ግራ ጎኗ ልንገራችሁ። የእማዬ ዓይን ደህና ነው ግን አንጎሏ በግራ በኩል ያለውን ነገር ይዘለዋል። እንጀራውን ከቀኝ በኩል ትበላና ግማሹ ሳህን ላይ እያለ «አልቋል፣ ጨምሩልኝ» ትላለች። ሳህኑን ስናዞርላት «ይሄ ከየት መጣ?» ዊልቸሩም ላይ የቀኙን ፍሬን ትይዛለች፣ የግራውን ትረሳለች፤ የግራ እጇም ተንጠልጥሎ ከጎማው ሽቦ ጋር ሲጎተት አይታወቃትም። ፊዚዮቴራፒስቱ የግራውን ፍሬን እጀታ በደማቅ ቀይ ፕላስተር ጠቀለለውና «እማማ፣ ከመነሳትዎ በፊት ቀዩን ይፈልጉ» አላት። ጭንቅላቷን አዙራ እስክታገኘው ይጠብቃታል። ከእህቴ ዊልቸር ይልቅ ያቺ የፕላስተር ቁራጭ ሠራች፣ እህቴ ይህን ካነበበች ይቅር ትበለኝ።

የመጸዳጃ ወንበር

ከሁሉም ዕቃ አንደኛ የምሰጠው ለዚህ ነው። የተሠራውም ብየዳ ቤት ነው። ሱቅ ውስጥ ያየነው ከውጭ የመጣ ቀላል አሉሚኒየም ነበር፤ ሰው ሲደገፍበት ይወዛወዛል። ስለዚህ ልኬቱን ይዘን ወደ ብየዳ ቤት። አራት እግር፣ ሁለት ክንድ መደገፊያ፣ መሃሉ ክፍት የሆነ መቀመጫ፣ ከስሩ የሚሳብ ባልዲ። ከፍታው እማዬ ስትቀመጥ እግሯ ሙሉ በሙሉ መሬት የሚነካበት፣ ጉልበቷ የሚታጠፍበት ልክ። እግሮቹ ጫፍ ላይ የጎማ ቆብ። ባልዲው ሲወጣ ወንበሩ ከቱርኩ መጸዳጃ በላይ ይቆማል፤ ቁጢጥ ማለት ለማይችል ሰው ይሄ ማለት ምን እንደሆነ ላልደረሰበት አልነግረውም። በዚያው ብየዳ ሠሪው ግድግዳው ላይ የሚታሰር የብረት መያዣም ሠራልን።

እማዬ ዳይፐሩን ትጠላው ነበር። ትቀደዋለች። እኛ ደግሞ ጭንቅላቷ ስለተጎዳ ነው የምትረብሸው እንላለን። ወንበሩ በመጣ ሰሞን መቅደዱ ቆመ። ሴትየዋ የፈለገችው መጸዳጃ ቤት መሄድ ብቻ ነበር።

የቤት ለቤት ፊዚዮቴራፒ

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የተማረ ወጣት ነው። ቀን ሆስፒታል ይሠራል፣ በትርፍ ሰዓቱ ቤት ለቤት ይዞራል። መጀመሪያ የመጣ ቀን እጇንም እግሯንም አልነካም። ተቀምጦ አያት። እንዴት እንደምናነሳት፣ እንዴት እንደምናስቀምጣት፣ ማን ምን እንደሚላት። ወንድሜ «ይሄ ሰውዬ ሊያይ ነው ወይ የመጣው?» ብሎ በጆሮዬ አንሾካሾከ።

ከዚያ ጀመረ። ደካማውን እጅ ይዞ ማንሳት የተከለከለ ነው፤ የደከመ ጡንቻ ትከሻውን አጥብቆ ስለማይይዘው ቦታውን ይለቃል፣ የሕመሙም ጦስ ረጅም ነው። በብብት ስር ማንጠልጠልም እንደዚያው። ታዲያ በምን ይያዝ? «መቀነት አላቸው?» አለ። የእማዬን ሰፊውን መቀነት አወጣን። ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጎ አዞረው፣ ቋጠሮውን ወደ ጎን አደረገው፣ ከኋላ መዳፉን አስገብቶ ያዘው። እሱ ከደካማው ጎኗ፣ ከግራዋ ቆመ። እግሮቿን ወደ ኋላ ሰብሰብ፣ ከወገቧ ወደ ፊት ጎንበስ፣ «አፍንጫዎ ከጣትዎ በላይ ይለፍ እማማ»፣ ተነሳች። ሦስት ሰው ሲያነሳት የነበረችው ሴት በአንድ ሰውና በመቀነት ቆመች። እኛ ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ በብብቷ አንጠልጥለን «በርቺ! በርቺ!» ስንል ነበር የከረምነው።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ድካሙ ነው። የተጎዳ አንጎል ቶሎ ይደክማል፤ ስንፍና አይደለም፣ እንቅልፍ ማጣትም ብቻ አይደለም። አጭር ሥራ፣ ረፍት፣ አጭር ሥራ። ሥራው ላይ ቲቪ ይጠፋል፣ ሬዲዮ ይጠፋል፣ የሚያወራት አንድ ሰው ብቻ ነው።

እና ጠያቂ! እዚህ ላይ ልጁን አደንቀዋለሁ፣ እኛ ልንል የማንደፍረውን እሱ ተናግሮልናል። ሰው መታመሙ ሲሰማ ቤት ይሞላል፣ ደግ ነገር ነው፣ ሙዝና ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ ግን አሥር ሰው በአንዴ ያወራል፣ ከዚያ አንዷ ጎንበስ ብላ «አወቅሽኝ? ማን ነኝ? እስቲ ስሜን ጥሪው!» ትላለች። እማዬ ትጨነቃለች፣ ታፍራለች፣ ሲሄዱ ትጮህብናለች። ፊዚዮቴራፒስቱ አንድ ቀን እንዲህ ዓይነት ጉባኤ ላይ ደረሰና በትህትና «እናቶቼ፣ ፈተና አይስጧቸው፤ ስምዎን ነግረው ቁጭ ይበሉ፣ ቢቻል ሁለት ሁለት እየሆናችሁ» አለ። አንዳንዱ ተቀይሟል። ይቀየም። እማዬ እረፍት አገኘችና።

አሁን ቡናው። እጅ ማንሳት፣ ኳስ መጭመቅ የሚባለውን እማዬ ፊት አትሰጠውም፤ «የልጅ ጨዋታ» ትላለች። አንድ ጠዋት ልጁ «እማማ፣ እኔ ቡና ማፍላት አላውቅም፣ ያሳዩኝ» አለ። ዓይኗ በራ። ተጎልታ ስትሠራ ነው ችግሩ ሁሉ የወጣው። ቡናውን ሳታጥብ ምጣድ ላይ ልታደርገው አለች፤ የሥራ ቅደም ተከተል ይጠፋባታል። «ቀጥሎ ምንድን ነው እማማ?» ይላል እንጂ አይነግራትም። ቆም ብላ ታስባለች፣ «ውይ፣ ይታጠባል እንጂ!» ትላለች። የማጠቢያውን ሳህን በደካማ እጇ ደግፋ በቀኟ ታሻለች፤ አሥር ጊዜ እጅሽን አንሺ ብንላት የማታነሳው እጅ ለቡና ተነሳ። ሲኒ ላይ ስትደርስ ደግሞ ረከቦቱ ላይ ከተደረደሩት የቀኞቹን ብቻ ቀድታ ጀበናውን አስቀመጠች። የግራዎቹ ባዶ። ልጁ ምንም አላለም። ባዶ ሲኒ አንስቶ «የኔ ቡና የታለ?» አላት። ዞራ አየች፣ ሳቀች፣ ቀዳች። (እሳቱን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው፣ ጀበናውም ውስጥ ያለው ለብ ያለ ውሃ ነበር። እሳትና የፈላ ውሃ ለእንደዚህ ዓይነት ሰው አይሰጥም፣ የግራ እጇ ቢቃጠል አይታወቃትም።)

ጉድለቱንም ልንገራችሁ፣ አለበትና። ያረፍዳል። ሆስፒታል ሰው ሲያጣ ይቀራል፣ መቅረቱን የሚናገረው ደግሞ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ነው። ደረሰኝ የለም። ምን እንደሠራና ምን እንደቀረ የሚጽፍበት ወረቀት የለውም፤ እኛ ራሳችን ደብተር ገዝተን ጻፍን። ከሁሉ በላይ ግን በሥራ ቀን የሚመጣው አመሻሽ ላይ ነው፣ እሷ ደክሟት አንድ ቃል ከሁለት በማይገናኝበት ሰዓት። ለምነን ቅዳሜና እሑድ ጠዋት አደረግነው፣ ሌላውን ቀን እኛ ባሳየን መንገድ እናሠራታለን። ቡናውም የተገኘው በጠዋቱ ነው። የጤና መድህን ካርዳችን የቤት ለቤቱን አልሸፈነልንም፣ ይሄን አስቀድማችሁ አስቡበት። በነገራችን ላይ የንግግርና የመዋጥ ባለሙያ ሀዋሳ ላይ ፈልገን አላገኘንም።

ቡላ

የአፍንጫው ቱቦ ሲወጣላት ሁላችንም የሮጥነው በቀጭን ሾርባና በውሃ ነበር፣ ለታማሚ የሚሰጠው እሱ ነዋ። ትን አላት። ጭንቅላቱ ተጎድቶ የመዋጥ ችግር ላለበት ሰው ከምግብ ይልቅ ቀጭን ነገር ነው የሚያስቸግረው፤ ውሃ ይፈጥናል፣ የአየር ቧንቧው ሳይዘጋ ወደ ሳንባ ይገባል፣ ከዚያ የሳንባ ምች ነው። ሐኪሟ መጠጧ ወፈር ይበል አለ። ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ ዱቄት አለ፤ እኛ ግን ሲዳማ ላይ ቁጭ ብለን ማወፈሪያ ከውጭ ማስመጣት አልታየንም። ቡላ ከእንሰት የሚወጣ ንጹህ ስታርች ነው። ናሙናውን ለሐኪሟ አሳየነው፣ ውፍረቱን አይቶ እሺ አለ።

በቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጣል፣ በወንፊት ይጠለላል፣ ከወተት ጋር እያማሰሉ ማብሰል ነው። ጓል ካለው ድፉት። ከማንኪያ ላይ ቀስ ብሎ የሚወርድ መሆን አለበት። ሲቀዘቅዝ ይጠጥራል፣ ስለዚህ ለብ እያለ ይሰጥ። አንድ የማይታወቅ ነገር ልጨምር፦ የቀመሰችበት ማንኪያ ተመልሶ ጎድጓዳ ሳህኑ ውስጥ ሲገባ ምራቋ ቡላውን ያቀጥነዋል። ከትንሽ ሳህን በትንሽ በትንሹ ቀንሱ። ቀጥ ብላ ትቀመጥ፣ አገጯን ወደ ደረቷ ዝቅ ታድርግ፣ ትንሽ ማንኪያ፣ ዋጥ ማለቷን እዩ፣ ከዚያ ሌላ። ከበላች በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አትተኛ። ሳል ካላት ወይም ድምጿ ውሃ ውሃ ካለ አቁማችሁ ሐኪም ጠይቁ። ከአሞራ ገደል፣ ከዓሣ ገበያው፣ የቆሮሶ ዓሣ ሾርባ ይዘው የሚመጡ ዘመዶችም ነበሩ፤ በፍቅር ነው፣ ግን እሾኹም ቅጥነቱም ለሷ አይሆንም፣ እኛ በላነው። በጣም ይጣፍጥ ነበር።

የኤጀንሲ አስታማሚ

አጭር ነው። «የሠለጠነች ናት» ተባልን፣ የመጣችው ልጅ ግን ማገላበጥ እንኳ አላየችም፤ ኮሚሽኑ ግን የሠለጠነ ነው። ልጅቷ ጥፋት የለባትም፣ ታታሪ ነች፣ ሁሉን ከኛ ተማረች። የኤጀንሲውን ብር አጥፍተናል ማለት ነው። ሰፈር ውስጥ ታማኝ ሰው ካላችሁ ፊዚዮቴራፒስቱ በመጣ ቀን አጠገቡ ቁጭ አድርጉና አሰልጥኗት።

ዕቃ ምንም ቢሆን ደግሞ የማይተካው ነገር አለ። ራስ ምታቱ እየጨመረ ከሄደ፣ ደጋግሞ ካስመለሳት፣ እንቅልፉ ከበዛ፣ ካንቀጠቀጣት ወይም ድክመቱ ከባሰ ፊዚዮ አይጠራም፣ ወደ ድንገተኛ ነው። የሚጥል በሽታ መከላከያ ከታዘዘላትም «ዳነች» ተብሎ በራስ አይቆምም።

አልጋውን መልሰናል፤ መያዣችንን ለማስመለስ ግን ጭቅጭቅ ነበር፣ በመዘውሩ ሰበብ ሊቆርጡብን አሉ፣ «ዘይት ቀቡት» ያሉን መልእክት ስልኬ ላይ ስለነበር ዝም አሉ። ከአከራይ ጋር የምትነጋገሩትን ሁሉ በጽሑፍ አድርጉ። ዊልቸሩ ለሐይቅ ዳር ብቻ ይወጣል። ፊዚዮቴራፒስቱ ልጅ አሁንም ቅዳሜ ይመጣል፣ ያረፍዳል። የአየር ፍራሹ ግን ታጥቦ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ነው፤ አቶቴ አካባቢ የሚያስፈልገው ሰው ካለ በነጻ ይውሰደው። ፓምፑ ደህና ነው፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማብሪያውን መንካት እንዳትረሱ ብቻ።